መንገዱን በእግርሽ ሂጂው

ይድረስ ለእህቴ ለረኔ፤

የሄድሽበት አገር አየሩም ሰዉም ይስማማሽ፤ በሰላም ውለሽ በሰላም እደሪ። ይህን ያለችው እማዬ ናት። ወንድማችንን ዳሬልን ከቀበርን ወዲህ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ሎሚው አፍርቷል። የዳሬል አሮጌ መኪና አሁንም ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገብቼ መሪውን እይዛለሁ። ዓይኔን ስጨፍን መኪናው ከመሬት ይነሳል። ዳሬል አጠገቤ ተቀምጦ "አንተ ጅል፣ አውራ ጣትህን ከመሪው አውጣ! ስናርፍ መሪው ይሰብረዋል!" እያለ ይስቃል። ከሸለቆው በላይ ቀስ ብለን እንንሳፈፋለን፤ አንወርድም።

"ቶቢ፣ ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው? ስለ ሥራዋ ጻፍላት እንጂ!" አለችኝ እማዬ።

ለምትሠሪበት ፊልም በመኪና ድልድዩን የምትዘልዪው በሚቀጥለው ወር እንደሆነ ሰምተናል። እማዬ ተዪው አትልሽም። አባባ በሆሊውድ ሠላሳ ዓመት መኪና ሲያዘልል ኖሮ የሞተው አልጋው ላይ ነው። ከመዝለሉ በፊት መንገዱን በእግሩ ይሄደው ነበር፤ ጎማ የሚያንሸራትተውን ጠጠር እየለቀመ ኪሱ ይከተውና ቤት ሲመለስ ብልቃጥ ውስጥ ያጠራቅመው ነበር። ዳሬልን ግን በሞተበት ቀን የፊልሙ ሰዎች "ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው" ብለው አጣደፉት፤ መንገዱን ሳይሄደው ተነሳ።

"ቢቆጡሽም ይቆጡ፣ ልጄ፤ አንቺ መንገዱን በእግርሽ ሂጂው" ትልሻለች። የአባባ የጠጠር ብልቃጥ መስኮቱ ላይ ነው፤ ገና አልሞላም።

ጎማሽ መሬቱን በሰላም ይርገጥ። የለቀምሽውን ጠጠር ደግሞ በፖስታ እንዳትልኪው፤ ራስሽ ይዘሽው ነይ።

እማዬና ቶቢ