ጎረቤትሽስ ምን ትላለች? የወይዘሮ ሰብለወንጌል አሻግሬ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሰብለወንጌል አሻግሬ ከአባታቸው ከአቶ አሻግሬ እንየውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዕረግ ሽታው፣ በአምባሰል ተራራ ግርጌ ባለች መንደር፣ በጥር ወር 1961 ዓ.ም. ተወለዱ። ስለ ቀኑ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አልተስማማም። እናታቸው «የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው» ሲሉ፣ አባታቸው «የለም፣ ቀይዋ ላም በወለደች ማግስት ነው» ይሉ ነበር። ላሟ መቼ እንደ ወለደች የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ካደጉ በኋላ የልደት ቀን በተጠየቁበት ሁሉ «ጥር፤ ቀኑ አይታወቅም» ብለው ይመልሱ ነበር። ያላወቁትን እንዳወቁ አድርጎ መናገር በሥራቸው ትልቁ ኃጢአት ነበረና።

ይህ የሕይወት ታሪክ የተጻፈው በራሳቸው ትእዛዝ ነው። አልጋ ላይ ሳሉ ቤተሰቡን ሰብስበው፣ «በቀብሬ ቀን ሰው ሁሉ ደግ ነበረች ይላል። ሬሳ ፊት ሌላ ምን ይባላል? ያንን እንዳትጽፉ። ጎረቤት ጠይቁና የተገኘውን ጻፉ» ብለው ነበር። ቤተሰቡም ቃላቸውን አክብሮ ጠይቋል። የተገኘው በስፍራው ይነገራል።

በልጅነታቸው ከጎረቤት ዕቃ ለማምጣት የሚላኩት እርሳቸው ነበሩ። እናታቸው፣ «ወንፊት አምጪ ብዬ እልካታለሁ፤ ወንፊቱን ረስታ ወሬውን ነፍታ ትመጣለች» እያሉ ያማርሩ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። ማማረራቸው ግን ወሬውን እስኪሰሙ ድረስ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ከጨረሱ በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም. ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ሐይቅ ከተማ መጡ። በነጋዴው በአቶ ባድሩ ኑርዬ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። የአቶ ባድሩ ልጅ ወይዘሮ አሚናት በዚያው ዓመት ከእርሳቸው ጋር ዘጠነኛ ክፍል ነበሩ። በዚያ ግቢ የተጀመረው ጉርብትና ሁለቱም አግብተው፣ ወልደው፣ ጎን ለጎን ቤት ሠርተው እስከዚህ ሳምንት ዘልቋል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ ያመጡት ውጤት ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። እርሳቸውም በአቶ ባድሩ ሱቅ ተቀጥረው፣ ጨው የሚገዛውን ሁሉ ስለ ኑሮው እየጠየቁ ዓመታት አሳለፉ። በ1987 ዓ.ም. ለሕዝብ ቆጠራ ጠያቂ ሲፈለግ ተመዘገቡና አጭር ሥልጠና ወሰዱ። ሰው ቤት ገብቶ «ስንት ናችሁ? ማን ምን ይሠራል?» ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በነጻ ሲሠሩት ኖረዋል።

በ1993 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የጥናት ድርጅት፣ ለማኅበራዊና ለገበያ ጥናት የሚሠማሩ ጠያቂዎችን ለማፍራት ደሴ ላይ ሥልጠና ከፈተ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል በሚኒባስ እየተመላለሱ ሠለጠኑ። ከመንደሩ ማን እንደሚጠየቅ በዕጣ መለየትን፣ ጥያቄን ሳያጣምሙ ማንበብን፣ ተጠያቂው ሲያስብ ቃሉን ከአፉ አለመንጠቅን ተማሩ። የመጨረሻው በጣም ከብዷቸው እንደ ነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ውሉ የሙከራ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ ያማረለት ይቀጠራል፣ ያላማረለት ይሸኛል ተባሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ገበያ ያልወጣ አንድ የልብስ ሳሙና ነበር። ወይዘሮ ሰብለወንጌል በሐይቅ ከተማና በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሳሙናውን ለየቤቱ አደሉ። ከሳምንት በኋላ ተመልሰው «እንዴት አገኛችሁት?» አሉ። ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» አለ። አንድ የአርዲቦ ገበሬ «ሳሙና ማለት እሱ ነው» ብለው እንደ ነበር ይታወሳል። የሳሙናው ፋብሪካ በመልሱ ተደስቶ ሳሙናውን በጭነት መኪና አወረደ። የሚገዛ ጠፋ። በአቶ ባድሩ ሱቅ የተቆለለውን አይጥ እንኳ ዞራ አላየችውም።

ከድርጅቱ የመጣው ቃል አጭር ነበር፦ «ጠያቂዎቹ መጠይቁን ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሞልተውታል።» ይህ ለወይዘሮ ሰብለወንጌል እንጀራ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ውሸታም መባልም ነበር። ነገሩን እንዲያጣሩ ከደሴ የተላኩት ተቆጣጣሪ አቶ አንዳርጋቸው ይባላሉ። እርሳቸውም ያንኑ መንደር ቤት ለቤት ለብቻቸው ዞረው ጠየቁ። ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» አላቸው። አቶ አንዳርጋቸው ተመልሰው በሱቁ ደጃፍ ተቀመጡና፣ «መልሱ እውነተኛ ነው፤ ሳሙናውም አይሸጥም። እኔ ይህን እንዴት አድርጌ ነው የምጽፈው?» አሉ።

ሳሙናውን ካመሰገኑት አንዷ ወይዘሮ አሚናት ነበሩ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ወደ እርሳቸው ዞረው፣ «አሚ፣ ጥሩ ነው ብለሽኝ የለም? ታዲያ ለምን አትገዢም?» አሏቸው።

«ኧረ ሰብሌ፣ እንግዳ ይዞልሽ የመጣውን ፊት ለፊት አይረባም ይባላል? ነውር አይደለም?»

«እሺ፣ ጎረቤትሽስ ምን ትላለች?»

«እሷማ እጅ ይልጣል፣ ሽታው የከብት መድኃኒት ነው፣ ወላሂ ለጠላቴም አልሰጠው ትላለች።»

ጎረቤት የተባሉት ወይዘሮ ኡሙሀኒ ቤታቸው ከሱቁ በር ፊት ለፊት ነበር። ሄደው ጠየቋቸው። «እኔስ ወድጄዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ኡሙሀኒ። «እጄን ላጠኝ ያለችው አሚናት ናት።»

በዚህ ጊዜ አቶ አንዳርጋቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። ሁለቱ ሆነው ያንኑ መንደር እንደገና ዞሩ፤ በመጠይቁ ላይ የጨመሩት «ጎረቤትዎስ ምን ይላሉ?» የሚለውን ብቻ ነበር። አርዲቦ ሲደርሱ «ሳሙና ማለት እሱ ነው» ያሉት ገበሬ፣ ጎረቤታቸው ሳሙናውን ለአህያ ቁስል እንኳ እንዳልተመኘው በዝርዝር አስረዱ። ጎረቤትየውም የገበሬውን ሐሳብ እንዲሁ በዝርዝር አስረዳ። የአገሩ ሰው ዋሽቶ አልነበረም፤ እንግዳ አክብሮ ነበር። ሪፖርቱ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የድርጅቱ ባለሙያዎች ይህ ዘዴ በመጽሐፍም የታወቀ መሆኑን ገልጸው ምስጋና ላኩ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል «ታዲያ ከሳሙናው በፊት ምናለ ብትነግሩን» ማለታቸው ተሰምቷል። ሆኖም በቋሚነት ተቀጠሩ፤ ስማቸውም ነጻ ወጣ።

አቶ አንዳርጋቸው ከዚያ ወዲያ ለቁጥጥር ወደ ሐይቅ መመላለስ ማብዛታቸው በከተማው ሰው ዓይን አላመለጠም። በ1995 ዓ.ም. ሽማግሌ ላኩ። አቶ አሻግሬ እንደ ወጉ ደሴ ሰው ልከው ቢያጠያይቁ «ወርቅ ልጅ ነው» የሚል መልስ መጣ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል «ሳሙናውም ወርቅ ነበር» ብለው፣ ወይዘሮ አሚናትን በሚኒባስ ወደ ደሴ ላኩ። ወይዘሮ አሚናት ጎረቤቶቹን በሥልጠናው መሠረት ጠይቀው ሲመለሱ፣ «ሲያንኮራፋ ግድግዳው ይሰማል አሉ። ሌላ አላገኘሁበትም፤ አብሽሪ፣ አግቢው» አሏቸው። ጋብቻው በዚያው ዓመት በግንቦት ተፈጸመ። እድላዊትንና እንየውን ወለዱ፤ በሰላም አሳድገው ለቁም ነገር አበቁ። አቶ አንዳርጋቸው ማንኮራፋታቸውን እስከ ዛሬ አላመኑም።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ወይዘሮ ሰብለወንጌል ራሳቸው አሠልጣኝ ሆኑ። ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ በማኅበራዊና በገበያ ጥናት ሙያ የተሰማሩ ብዙ ወጣቶች በእጃቸው አልፈዋል። በወሎ ሰላምታ ልጆቹን፣ ከብቱንና አዝመራውን ዞሮ ሳይመለስ ወረቀት ማውጣት ነውር እንደሆነ፣ የቀረበ ቆሎ ሳይቀምሱ ስለ ገቢ መጠየቅም ስድብ እንደሆነ አስተማሩ። ታብሌት በመጣ ጊዜ፣ «ይኼ መልሱን ይይዛል፤ የሰውን ፊት የምትይዙት እናንተ ናችሁ» ይሏቸው ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ወይዘሮ አሚናት ነበሩ። ሠልጣኝ ሁሉ ወደ እርሳቸው ቤት እየተላከ ይጠይቃቸዋል፤ ከእርሳቸው አንድ እውነተኛ መልስ ይዞ የወጣ ያልፋል። ዛሬ በአዲስ አበባ የጥናት ክፍል ኃላፊ የሆኑት ወይዘሮ ኢቲሳም ዕድሜያቸውን ቢጠይቋቸው፣ «እንደ እናትሽ» አሏቸው። «እናቴስ ስንት ናት?» ሲሏቸው፣ «ልጇ ሆነሽ አታውቂም? ምን ዓይነት ጠያቂ ነሽ?» ተብለው ወጡ። እንደገና ተልከው፣ ቆሎውን በልተው፣ ዝም ብለው ተቀመጡ። ዝምታው ሲረዝም ወይዘሮ አሚናት «ከሰብሌ በሁለት ዓመት እበልጣለሁ፤ አትንገሪያት» አሉ። ወይዘሮ ኢቲሳም አለፉ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን አልፎ በሄደ ጊዜ፣ ማን እንደተቸገረ ለማወቅ ቤት ለቤት የሚዞር ቡድን መሩ። ክርስቲያኑ «ይመስገን»፣ እስላሙ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልስ ስለነበር፣ በወረቀት ላይ የተቸገረ ሰው የለም። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ጠያቂዎቹን ሰብስበው፣ «ይኼ ለፈጣሪ የተሰጠ መልስ ነው፤ የእኛን ጥያቄ ገና አልመለሱም» አሏቸው። ጎረቤት ሲጠየቅ «እነሱ ቤት ጭስ ካየን ሰነበትን» የተባለላቸው ቤቶች ተመዘገቡ፤ እህልም ደረሳቸው። ከእነዚያ ቤቶች ዛሬ እዚህ የቆማችሁ አላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪም «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «ይመስገን» ይላሉ። አቶ አንዳርጋቸውም «ዶክተር፣ ጎረቤቷን ይጠይቁ» ይላሉ። አልጋው አጠገብ የማይጠፉት ወይዘሮ አሚናት ያን ጊዜ፣ «ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰችም፤ እግሯም አብጧል፤ ደብቃዎት ነው» ብለው ያጋልጧቸዋል። ሕክምናው በዚህ ዓይነት ተከናወነ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ግን ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቤተሰቡ በትእዛዛቸው መሠረት የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ በተከለው ድንኳን ውስጥ ለቅሶ የመጣውን ሲጠይቅ ዋለ። ሰው ሁሉ በመጀመሪያ «ደግ ነበረች» አለ፤ እንደታዘዝነው አልጻፍነውም። «ጎረቤትዎስ ምን ይላሉ?» ሲባል የተገኘው እንደሚከተለው ነው። አምባሰል ተወልደው አምባሰልን ማዜም አልሆነላቸውም። ባጃጅ ሲሳፈሩ ሾፌሩን መርምረው ነው የሚወርዱት። በሰው ሠርግ ላይ ሙሽራዋን የቀሚሱን ዋጋ ጠይቀዋል። ይህን ሁሉ «ጎረቤት የሚለው» ነው ያሉን ሰዎች በመጨረሻ «ለማንኛውም እውነቱን አሚናት ትንገራችሁ» አሉ።

ወይዘሮ አሚናት ተጠየቁ። በመጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነበረች» አሉ። የጠየቋቸው በሥልጠናው ያለፉት ወይዘሮ ኢቲሳም ስለነበሩ ዝም ብለው ጠበቁ። ወይዘሮ አሚናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ወንፊቴን ወስዳ አልመለሰችም፤ እስከ ዛሬ እነሱ ቤት ነው። ስትጠይቂያት ወሬ ትጀምርልሻለች። ደግ ነበረች። ይህንን ጎረቤት ይላል ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እኔ አሚናት ባድሩ ነኝ ያልኩት።»

በትእዛዛቸው የተከለከለው ቃል ጎረቤት ተጠይቆ የተገኘ ስለሆነ ተጽፏል።

ወይዘሮ ሰብለወንጌል ባለቤታቸውን አቶ አንዳርጋቸውን፣ ልጆቻቸውን እድላዊትንና እንየውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ማዕረግን፣ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ አሚናትን፣ እንዲሁም በየአገሩ በር እያንኳኩ ሰላምታ የሚያስረዝሙ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ጥቅምት 15 ቀን በአጥቢያቸው በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ወንፊቱ ከቀብር መልስ ለወይዘሮ አሚናት ይመለሳል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ ጎረቤት ያድርግልን፤ እነርሱም ሲጠየቁ ስለ እርሳቸው መልካሙን ይመስክሩ። አሜን።