ሳይከራከር የቀነሰው ሻጭ

ሐሙስ፣ ግንቦት 9 ቀን
ከሱቅ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ የኔ እመቤት? ብርዱ ቀለል አለልሽ? እኔ ጉልበቴን ሲለው ይቆረጥመኛል እንጂ ደህና ነኝ። አባትሽም "ደህና ነው በያት" ስላለኝ ደህና ነው። ይህን የምጽፍልሽ ሱቅ ውስጥ፣ የመጋረጃ ጣቃ ላይ ደገፍ ብዬ ነው። ቤት ከጻፍኩ አባትሽ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ "ይሄን አትንገሪያት፣ ያንን ሰርዢው" ይለኛል። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ አንቺን አውቅሻለሁ፤ ነገር ሲጠብብሽ "እማዬ፣ ኔትወርኩ አስቸገረ" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም። ስለዚህ ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢ።

መኪና መግዛት እንዳለብን ተስማምተን ነበር። ጨርቅ የምጭንባት ቫን ከሞተች ወዲህ አባትሽ ሆስፒታል የሚመላለሰው በአውቶቡስ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ። አንድ ቀን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሲወድቅ ሰው ደርሶ አነሳው። እሱ "አዳልጦኝ ነው" አለኝ፤ መሬቱ ግን ደረቅ ነበር። አንቺም በስልክ "አሮጌ እንዳትገዙ፣ መንገድ ላይ ትቆምባችኋለች፤ አዲስ ግዙ" አልሽ። ጥሩ። ያጠራቀምነው አለ፣ ቫኗንም ለብረት ሸጠናታል።

በዚያው ሰሞን አንቺ ልትመጪ ነበር። ያለ ደመወዝ የሁለት ወር እረፍት እወስዳለሁ፣ የመምጫዬን አጠራቅሜ ጨርሻለሁ ብለሽን ክፍልሽን ቀለም አስቀብተን፣ አባትሽ የመስኮቱን ማጠፊያ ራሱ ዘይት ቀብቶ ስንጠብቅሽ፣ "አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ" ብለሽ ደወልሽ። አባትሽ "ሥራ ነው፣ ምን ታድርግ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ግን አለቃሽን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት።

እንግዲህ የመኪና ሻጮቹን ነገር ላጫውትሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኔን የሚያታልል ሻጭ እናቱ ገና አልወለደችውም ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት።

የመጀመሪያው ጋ ስንገባ ዋጋው ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ልብ የሚያሞቅ ዋጋ። "ይሄ ከነምኑ ነው?" አልኩት። "ምንጣፉ ለብቻው ነው እናቴ" አለኝ። እሺ። "ሬዲዮውም ለብቻው ነው።" እሺ። "ቀለሙ ከነጭ ሌላ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል።" "መሪውስ ልጄ? እሱም ለብቻው ነው ወይስ በምርቃት ትሰጡናላችሁ?" ስለው አባትሽ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ አፏ ማር። ዋጋ በተናገርኩ ቁጥር "አለቃዬን ልጠይቅልዎት" እያለች ወደ ጓዳ ትገባና ፊቷን አኮሳትራ ትመለሳለች። "አለቃዬ አይሆንም አሉ።" እንደገና ስትገባ ተከተልኳት። ምን አለቃ አለ! አንድ ወንበር፣ አንድ የሻይ ማፍያ፣ እሷም ቆማ ብስኩት ትበላለች። "አለቃሽን ሰላም ልል ነው የመጣሁት" አልኳት። ብስኩቱ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ሞኝሽን ፈልጊ ብያት ወጣሁ።

ከዚያ አባትሽ "ሆስፒታሉ አጠገብ ያለውን ትልቁን መሸጫ እንየው" ማለት ጀመረ። ልብ በይ፣ አባትሽ የዋጋ ክርክር ሲባል ራሱን የሚያመው ሰው ነው። "ለምን እዚያ?" ብለው "መስታወቱ ንጹህ ነው" አለኝ። መስታወት ልንገዛ ነው እንዴ? ያኔ ነው አንድ ነገር የሸተተኝ።

እዚያ የተቀበለን ባለ ከረባት ወጣት ነው። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ ከረባት ብዬ ሰይሜዋለሁ። አንዲት ግራጫ መኪና አሳየን። ሰፊ ናት፤ አባትሽ ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑን ጨፈነ። ከረባት ዋጋውን ጠራ። እኔም እንደ ደንቡ፣ እሱ ይቆጣ፣ እኔ ትንሽ ልጨምር፣ እሱ ትንሽ ይቀንስ ብዬ ከጠራው ላይ ሩቡን ቆርጬ ጣልኩለት። እንኳን ሊሸጡበት ሊሰሙት የማይገባ ዋጋ ነው። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እሺ እማማ።"

እሺ እማማ! "ምን አልክ?" አልኩት። "እሺ፣ በዚሁ እንሰጥዎታለን" አለኝ፣ እየሳቀ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ፣ አባትሽን ከወንበሩ ጎትቼ ወጣሁ። ልጁ በር ድረስ እየተከተለ "እማማ፣ ምን አጠፋሁ?" ይላል። ምን አጠፋሁ ይለኛል እኮ!

ይቺ መኪና ጎርፍ የበላት ናት አልኩ። ካልሆነም ተገልብጣ የተሠራች፤ ካልሆነም የተሰረቀች። በማግስቱ መካኒክ ጎረቤታችንን ይዤ ተመለስኩ። ሰውዬው ለልብሱ ሳይሳሳ ከሥሯ ተጋደመ፣ ኮፈኗን ከፈተ፣ ምንጣፏን ገልጦ አሸተተ። "እትዬ፣ ይቺ መኪና አዲስ ናት፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳን አልተላጠም" አለኝ። "ስንት ሰጡህ?" አልኩት። ምስኪን፣ ዘይት በነካው እጁ ፊቱን ይዞ "በልጆቼ ሞት!" አለ። እስካሁን አኩርፎኛል፤ ሰላምታ የሚልክልኝ በሚስቱ በኩል ነው።

ከረባትን ደግሞ ልፈትነው ብዬ "በል እስቲ ሌላ ትንሽ ቀንስልኝ" አልኩት። ይኸኔ ድንጋይ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ሰባራ ሳንቲም አልቀንስም አለ። አሁን ይሄ ምን ዓይነት ሻጭ ነው? ሩቡን በአንድ ትንፋሽ የለቀቀ ሰው፣ ለሽርፍራፊ እንዲህ ይጠነክራል? ልክ አንድ ሰው መስመር አስምሮለት "እስከዚህ" ያለው ይመስላል።

ቤት ደግሞ አባትሽን በዓይነ ቁራኛ ያዝኩት። ሸሚዝ ስገዛለት "ስንት ወጣበት?" እያለ የሚያስጨንቀኝ ሰው፣ የመኪና ዋጋ ሩቡ ሲወርድ "እሰይ" እንኳን አላለም። ጭራሽ ያንጎራጉራል። አብሬው አርጅቼ የማላውቀው ነገር የለም፤ እሱ የሚያንጎራጉረው ሲደብቀኝ ብቻ ነው። "ኮሚሽን በላህ እንዴ?" ስለው ሳቀና ሳሉ ተነሳበት። መድኃኒቱን ፍለጋ ስራወጥ ጥያቄዬን ረሳሁት።

ነገሩ የተገለጠልኝ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው። አንዲት ወጣት ብቻዋን መጥታ የተጠለፈውን መጋረጃ መረጠች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ከሰዓት እናቴን ይዣት እመጣለሁ። ለራሷ ሲሆን ውድ ነገር አትገዛም። ግማሹን አሁን ልክፈልዎትና ለእሷ በግማሽ ይሽጡላት" አለችኝ። ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስንቱ ልጅ ለእናቱ እንዲህ ሲያደርግ ተባብሬያለሁ። ሥራው ግን ችሎታ ይፈልጋል። እናትየዋ መጣች፤ ሙሉውን ጠራሁ፤ ግማሹን ጠራች። "ሴትዮ፣ ሱቄን ልታዘጊኝ ነው የመጣሽው?" ብዬ ጮህኩ። በልጄ ማልኩ፤ ይቅር በይኝ፣ ባንቺ ነው የማልኩት። ጣቃውን ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ ሰቀልኩ፣ መልሼ አወረድኩ፣ ገንዘቧን ስቀበል እንኳን ፊቴን አጥቁሬ ነበር። እናትየዋ ደረቷን ነፍታ ወጣች። ልጅቷ ከኋላዋ በዓይኗ አመሰገነችኝ።

እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ። ከረባት! ሰው እየከሰረ ይስቃል እንዴ? አንድ ጊዜ እንኳን ሊቆጣልኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳን ሊምልልኝ ይገባ ነበር። ያ ልጅ ቀድሞ ተከፍሎታል። ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ።

"ስንት ላከችልህ?" አልኩት፣ ገና ከበሩ።

"ማን እማማ?"

"ልጄ ናታ!"

ከረባቱን ነካካ፤ በሩን አየ። "አደራ ብላኛለች እኮ" አለ። ይኸው ነው። አንዲት ጥያቄ እንኳን አልቻለም፤ እንዲህ ያለውን ሰው እኔ ሱቅ ለግማሽ ቀን አላሠራውም። "እናቴ እስከ ሩብ ድረስ ብትቀንስብህ ዝም ብለህ እሺ በላት፣ ልዩነቱን ይኸው ብላ ልካልናለች" አለኝ። መቼ እንደላክሽ ጠየቅኩት። "አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ" ብለሽ በደወልሽ ማግስት ነው።

ልጄ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ልጁ ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ። ሻጩን ጠርጥሬ፣ መካኒኩን ጠርጥሬ፣ የገዛ ባሌን ጠርጥሬ፣ አንቺን ብቻ ሳልጠረጥር መቅረቴ አንገበገበኝ። ስንት ዓመት ከአፍሽ እየነጠቅሽ ያጠራቀምሽውን የመምጫሽን ገንዘብ! እኛ ልጃችንን አይተን ልንጠግብ አንችልም እንዴ? ተናድጄብሻለሁ፤ ናፍቀሽኛልም፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም አላውቅ። አለቃሽ የተባለው ሰውዬም ምንም ሳያጠፋ ስንት እርግማን ተሸክሟል። ሰሞኑን ራሱን አሞት ከሆነ የኔ ነው፣ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ቤት ገብቼ አባትሽን አፋጠጥኩት። ለመኪናዋ እንዳገዝሽን ያውቅ ነበር፤ መሸጫውንም የነገርሽው አንቺ ነሽ። ገንዘቡ የመምጫሽ መሆኑን ግን አያውቅም። ስነግረው ማንጎራጎሩን አቆመ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ጠረገው። ከዚያ "መልሺላት" አለኝ። "እኔ አውቶቡስ ይበቃኛል።"

ስለዚህ ተያይዘን ሄድን። "የልጄን ገንዘብ ወደ መጣበት መልስ" አልኩት ከረባትን። "አሠራሩ አይፈቅድም እማማ" አለኝ። "ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ" ብዬ ወንበር ስቤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለገባው ገዢ ሁሉ "ግቡ፣ ግቡ፣ እኔ ገንዘቤን እስኪመልሱልኝ ነው" እላለሁ። አሠራሩ ወዲያው ፈቀደ። ሂሳብሽ ውስጥ ገብቷል፤ አንቺም እዪው።

ግራጫዋ እንግዲህ አቅማችን አይደለችም። ጥግ ላይ ግን አንዲት ትንሽ መኪና ቆማለች፤ ቀለሟ ዱባ የመሰለ፣ ማንም ያልፈለጋት። "ይቺስ?" አልኩት። ጠራ። ጠራሁ። ሳቀ። ቆይቶ መሳቁን ተወ። ከረባቱን አላላ። "እማማ፣ ከሥራዬ ሊያባርሩኝ ነው!" አለ። በእናቱ ማለ፤ በልጆቹም ማለ፤ ላጤ መሆኑን ግን ቀደም ሲል ለአባትሽ ነግሮት ነበር። አባትሽ "ተይው፣ ልጁ አሳዘነኝ" ሊል አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። ወጣን፣ ተጠራን፤ ደግመን ወጣን፣ ደግመን ተጠራን። ምንጣፉን በምርቃት አስጨምሬ ስፈርም ከረባት ፊቱ ጠቁሯል፤ በር ድረስም አልሸኘንም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መኪናዋ ዝቅ ስለምትል አባትሽ ሳያለከልክ ይገባባታል። እኔ በመሪ እነዳለሁ፣ እሱ አጠገቤ ሆኖ በአፉ ይነዳል። ማክሰኞ ሆስፒታል ወሰድኩት። አባትሽ ሸሚዙን ሲለብስ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠራኝ። ምን አለሽ እንዳትዪኝ፤ ስትመጪ እነግርሻለሁ። መኪና ውስጥ አባትሽም "ምን አለሽ?" አለኝ። "የመኪናችሁ ቀለም ያስጠላል አለኝ" አልኩት። ሳቀ፤ ሳቀና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ደግሞ አልጠየቀኝም። እኔም የማውቀውን መታጠፊያ አልፌው ሄድኩ።

ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። የሰው ፊት አያሳይሽ፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ መንገዱን ያቅናልሽ። አባትሽ ያው "ደህና ነው በያት" ብሏል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትኬት ስትገዪ ምን እንደምታደርጊ አውቃለሁ፤ ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁ? አንዱን ትጠይቂያለሽ፣ ሌላውን ትጠይቂያለሽ፣ "ከወር በኋላ ይረክሳል" ሲሉሽ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አትጠብቂ ልጄ። ተወደደ፣ ረከሰ አትበዪ። አትከራከሪ። በጠሩልሽ ዋጋ፣ ቀድሞ የሚነሳውን ግዢ።

እናትሽ