የእትዬ ክፍል ግድግዳ

ሰኔ 28

ዛሬ በዚህ ቤት ታላቅ ግፍ ተፈጸመብኝ። እግሬን የምዘፈዝፍበት ሰማያዊ ሳፋ ተወረሰ። ስፈልገው ስፈልገው… ለካ እትዬ አልጋ ግርጌ ተጎልቶ ቡናማ ውሃ ያጠራቅማል።

«ሳፋዬን መልሺ።»

«ጣሪያውን ጠግንና ሳፋህን ውሰድ።»

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነን። ሁለት ክፍልና ማድ ቤት። እሷ ታዛለች፣ እኔ አጉረመርማለሁ። በዚህ ሁኔታ ስንት ዓመት በሰላም ኖረናል።

ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳው አናት ላይ መዳፍ የምታክል እርጥበት አየሁ። ከዚያ ነው ወደ ታች የሚንጠባጠበው። ቀላል ነገር። ካውያም ሬዲዮም ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ለአንዲት ቀዳዳ? ማንም አላስተማረኝም፣ መፍቻ ነው ያስተማረኝ።

ሐምሌ 2

ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ወረድኩ። ጉልበቴ ግን እዚያው የቀረ ይመስለኛል።

የላላውን ምስማር ነቅዬ ባለጎማውን መታሁ። ቀዳዳ የመሰለኝን ሁሉ በካትራሜ ደፈንኩ። እትዬ ከታች አንገቷን ቀና አድርጋ ትቆጣጠራለች።

«ወድቄ ብሞት ምን ይውጥሻል?»

«መጀመሪያ ጨርስ፣ ከዚያ ውደቅ።»

በራሷ ቀልድ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። ረዘመ። መሰላሉን ይዛ ጎንበስ አለች… እስኪያልፍላት ድረስ ካትራሜው ከእጄ ላይ ሲንጠባጠብ አላየሁትም።

ሐምሌ 5

ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ዝናብ የለም። ፀሐይ ነው። እርጥበቱ ግን ትሪ አክሏል።

ያለ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ ምን ዓይነት ጣሪያ ነው?

ሐምሌ 8

ጣሪያውን ይቅርታ ጠየቅኩት። በሐሰት ነው የከሰስኩት። ቧንቧ መሆን አለበት።

የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግቼ የውሃ ቆጣሪው ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ትንሿ ጎማ ትዞራለች። አልዞረችም። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። አሁንም ፍንክች የለም። አንድ ጊዜ እንኳ ብትዞርልኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ጣሪያው አይደለም። ቧንቧችንም አይደለም። ታዲያ ይሄ ውሃ የማን ነው?

…ይህን ጽፌ ተነሳሁ። ጆሮዬን እትዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከወዲያ በኩል፣ ከጀርባችን ካለው ቤት፣ ሽ… ሽ… ይላል። ቧንቧቸው በጋራ ግድግዳችን ውስጥ ነው ወደ ታንከራቸው የሚወጣው።

አገኘሁት! እትዬን እጇን ይዤ አሽከረከርኳት።

ሐምሌ 9

ምን ያደርግልኛል ማግኘቱ። ቤቱ ዝግ ነው። ጓጉንቸሩ ዝጎ ከበሩ ጋር ተጣብቋል።

ባለሱቁን ጠየቅኩ። «ባለቤቱማ ከሄደ ቆየ። ቁልፉን ለዘመዱ ሰጥቷል ይባላል።»

«ዘመዱስ?»

«እሱም ሄዷል ይባላል።»

ሐምሌ 11

ሻለቃ መጣች። የእትዬ ልጅ ናት፤ ማዘዝ ስለምትወድ እኔ ያወጣሁላት ማዕረግ ነው። እናቷን ሐኪም ቤት ወስዳ መለሰቻት። ሐኪሙ ሳንባዋ ተጎድቷል፣ በዚህ እርጥበት ውስጥ እያደረች መድኃኒቱ ዋጋ የለውም ብሏል።

«እስኪደርቅ እኔ ጋ ትሆናለች» አለች ሻለቃ።

«ክፍሌን እለቅላታለሁ።»

«ጋሼ፣ ያንተስ ግድግዳ ያው አይደል እንዴ?» እጄን ይዛ አስነካችኝ። ወዝቷል። መቼ ደረሰ?

እትዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» አለች።

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች ልጇ።

ሻለቃ እሑድ መኪና ይዛ ትመጣለች። እስከዚያ መድረቅ አለበት።

ሐምሌ 12

ውሃ መሥሪያ ቤት። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት።

«ቤቱ የእርስዎ ነው?»

«ግድግዳው ነው የኔ። ውሃው የነሱ ነው። እህቴ የሁላችንንም ትስላለች።»

«ባለቤቱ መጥተው ያመልክቱ።»

«የሉም።»

«እንግዲያው ሲመጡ።»

«እሺ። እስከዚያ ውሃው አረፍ ይበል በይና አንድ ወረቀት ጻፊልኝ።»

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። አጠገቧ ያለችውን ጠርታ ነገረቻት፤ እሷም ሳቀች። ተሳስቀን ተለያየን። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት… እኔን ነው መሰለኝ የወሰደኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሐምሌ 13

አጥራቸው ላይ ወጣሁ። ቆጣሪያቸው ጋ ደርሼ ልዘጋው ነበር። አጥሩ አናት ላይ ሱሪዬን ቆርቆሮ ያዘው። ወደዚያ እንዳልወርድ፣ ወደዚህ እንዳልመለስ… የሰፈሩ ጥበቃ ከታች ቆሞ አየኝ።

«ጋሼ! በዚህ ዕድሜዎ?»

«ኳሴ ገብታብኝ ነው።»

አቅፎ አወረደኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ለፖሊስ ነበር» አለ። ከላይ ሆኜ ግን አየሁት። ቆጣሪው በብረት ሳጥን ተቆልፏል። ብወርድም ከንቱ ነበር።

እትዬ እየሳለች ሱሪዬን ሰፋችልኝ። ተሳድባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 14

በኛ በኩል በመሮ ፈለፈልኩ። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ውሃ። ቧንቧው ከዚያ ወዲያ ነው። ከዚህ በላይ ብቆፍር ግድግዳው ይወርዳል። በሲሚንቶ ደፈንኩት። ሳልጨርስ ውሃው በክንዴ ሥር፣ በሌላ ቦታ መጣ።

ሐምሌ 15

እትዬ ሄደች። መኪናው ውስጥ ሆና «ሳፋህን ውሰድ» አለችኝ።

ሐምሌ 19

ስልክ። ሻለቃ ናት። ሳሉ ቀለል ብሎላታል፣ እህል ግን አልቀምስ ብላለች። «‘እሱን ውሃ ውስጥ ጥዬው መጥቼ እንዴት ይዋጥልኛል’ ትላለች። ጋሼ፣ አንተ አናግራት።»

«እትዬ፣ አራተኛ ፎቅ እንዴት ነው?»

«መስኮቱ ሰማይ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሰው የሚባል አያልፍበትም። ደረቀ?»

ምን ልበል? ሳፋው እግሬ ሥር ነው፣ ግማሽ ደርሷል።

«ደረቀ።»

«በሞቴ?»

«እንደ ብስኩት።»

በኋላ ሻለቃ መልሳ ደወለች። አንድ ሳህን ሙሉ በላች አለች። ውሸቴን ደስ እያለኝ ተኛሁበት።

ሐምሌ 21

«ቀለም ቀባኸው?» አለች እትዬ በስልክ።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ነኝ።»

«ምን ዓይነት?»

«የምትወጂውን።»

የትኛውን እንደምትወድ አላውቅም።

ሐምሌ 23

ሳፋውን ደፍቼ ስመለስ በሩ ተንኳኳ። ባለሱቁ መስሎኝ «ግባ፣ መዋኘት ከቻልክ!» አልኩ።

ከፈትኩ።

እትዬ! ሻንጣዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ልጅቷ ሥራ ስትሄድ ጠብቃ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ፣ ታክሲ ይዛ መጥታለች። ፊቷ እንደ ሙሽራ ነው። ትንፋሿ ግን ከእሷ ቀድሞ የሮጠ ይመስላል፤ ደረቷ ያፏጫል።

«ምን ትገተራለህ? ዘወር በል፣ ቤቴን ልይ።»

«ቆይ… ቀለሙ። ሽታው ለሳል አይሆንም። አንዴ መስኮት ልክፈት።»

አመነችኝ። መቼ እንደምቀልድ የምታውቅ ሴት ዛሬ አመነችኝ። በርጩማውን ደጅ አወጣሁላት፣ ተቀመጠች። በሩን ገርበብ አድርጌ ገባሁ። ለሻለቃ ደወልኩ፤ አታነሳም። ፎጣዬን አንስቼ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ጠረግኩ። ጨመቅኩት። ዞር ብዬ ሳይ እንደገና ወዝቷል። እንደገና ጠረግኩ።

አሁን አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ። ምን እንደማደርግ ቢጠፋኝ ነው። ስጽፍ የሆነ ነገር ይመጣልኛል ብዬ ነበር። አልመጣም።

ከደጅ ትሳላለች። ቆም ትላለች።

«አንተ ሰውዬ! አልጨረስክም?»

«ትንሽ ቀረኝ፣ እትዬ!»

«ግድ የለም፣ አልቸኩልም። እኔ ከእንግዲህ የትም አልሄድ።»