የወንድሜ ነው ብዬ ያሳየሁት ፊልም

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ፣

ከልደታ እስከ አዲግራት ባለው ተራራ ቁጥር ሰላምታዬ ይድረስህ። ባለቤትህ፣ ልጆቹ እንደምን ናችሁ? ዝናቡስ ለእህሉ ደረሰለት? እኔ ማርያም ትመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ያልደወልኩት ድምፄን እንድትሰማው ስላልፈለግሁ ነው። ወረቀቱን ጎረቤቴ ሓበን ያደርስልሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀደም ልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ካፖርት ስተኩስ አንድ ነገር ጀርባዬን ከላይ እስከ ታች ቀደደኝ። ብርድ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሲብስብኝ ሜክሲኮ ሄጄ ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ያነሳኝ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። "አባባ፣ ቤተሰብ አልመጣም?" አለኝ። "ምን ታየህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ቶሎ ለሐኪም ያሳዩ፣ ከዘመድ ጋር" ብሎ ፊልሙን ሰጠኝ። የእኛን አገር ታውቃለህ፤ ለታማሚው አይነገርም። ነፍሷን ይማርና ሚስቴ ደሃብ ብትኖር ለእሷ ይነግሯት ነበር፤ እኔም ከፊቷ አነበው ነበር። አሁን የማንን ፊት ላንብብ?

ስለዚህ አንተን ሆንኩ።

ዶክተር ነጅማ የምትባል፣ ገና ልጅ የሆነች ሐኪም ፊት ቆሜ "የወንድሜ ነው፤ እውነቱን ንገሪኝ" አልኳት። ፊልሙን በመብራት አየችው። "ይኼ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ነው። አንድ ክብ መሆን ነበረበት፤ ይቺ ቀጭን መስመር ለሁለት ከፍላዋለች። የውስጡ ሽፋን ተቀዶ ደሙ በመሃል ገብቷል" አለች። ገባኝ። የካፖርት ገበር ሲተረተር እጅህ እጅጌውን ስቶ በጨርቁና በገበሩ መሃል እንደሚገባው ማለት ነው። "የተቀደደው ልቡ አጠገብ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አይቆይም ነበር። ለመሆኑ የት ነው ያለው?" አለች።

"ቤት ተኝቷል።"

"ብቻውን? ምን ዓይነት ወንድም ነዎት?"

በአንተ መጣችብኝ! ደሜ ፈላ። "መንገዱ ርቆበት ነው እንጂ ወንድሜ እኔን የሚተው ሰው አይደለም!" አልኳት።

ግንባሬ ላይ ያለውን ላብ አየችው። "አባባ፣ ቁጭ ይበሉ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነኝ። የደም ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት በክንዴ ይገባል። ዕቃ ማንሳት፣ መቆጣት ክልክል ነው አሉኝ። ማን አለና ነው የምቆጣው? አጠገቤ የተኛውን ሰውዬ ወንድሙ እየመጣ ይጠይቀዋል። ሾርባው ቀጠነ ወፈረ ብለው ሲጨቃጨቁ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማቸዋለሁ። እንዳይጨርሱ እፈልጋለሁ።

አሁን ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው። ዶክተሯ "የሚፈርም ዘመድ ያምጡ፤ ወንድም እንዳለዎት ራስዎ ነግረውኛል" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ና አልልህም። አዝመራ ነው፤ መንገዱም መንገድ አይደለም። ብቻ ለእሷ "ይመጣል" ብያታለሁ። አንዴ ዋሽቻታለሁ፤ ሁለተኛ ውሸታም አታድርገኝ።

ጎተራህን ይሙላልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ የእናታችን ጸሎት ከደጅህ አይራቅ።

ታላቅ ወንድምህ