የፀዲ ግራ እጅ

ልጄ ባንተአምላክ፣

የሰው አገር ሰው ይውደድህ፤ የወጣህበት በር በደህና ያስገባህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ መታው። የጓዳውን ጣራ አስጠግኛለሁ።

የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፈው ጉደታ የሰፈራችንን ሴት ወታደሮች ለቀበሌው አዳራሽ ከፎቶግራፍ እየሣለ ነው። የእህትህን ሥዕል ሄጄ ሳየው ጠመንጃውን በቀኝ እጇ አስይዟታል። ፀዲ ግራኝ መሆኗን ነግሬ አስተካክል አልኩት።

«እማማ፣ ሥዕሌን እንደ ፈተና ወረቀት አረሙት እኮ» ብሎ ሣቀብኝ፤ ቢሆንም አስተካከለው።

ከፀዲ ጋር የዘመተችው ለሊሴ ባለፈው እሑድ ለዕረፍት ስትመጣ ሥዕሉን አሳየኋት። አይታ በሥዕሉ ግራ እጅ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ምን ጎደለው?» አልኳት።

«እማማ፣ ግራ እጇ ከክርኗ በታች ተቆርጧል። አሁን ከሆስፒታል ወጥታለች። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር።»

እኔ የማትደውልልኝ ኔትወርክ ስለሌለ መስሎኝ ነበር።

ጉደታ ይህን ሰምቶ ከሥዕሉ ላይ እጇን ሊያጠፋው ብሩሹን ሲያነሣ ከለከልኩት። እንዴት እንደምትሣል ራሷ መጥታ ትንገረው።

ለአንተ እንደምትደውል አውቃለሁ። አንተም ሰምተህ ደብቀኸኝ ከሆነ አልቀየምህም። ብቻ ስትደውል «እማዬ ሰምታለች» በልልኝ። ፊቷ አላለቅስም። የልብሷን ቁልፍ እቆልፍላታለሁ፤ ፀጉሯንም እሠራላታለሁ። አፍራ በሰው ቤት አትቅር፤ ቤቷ ትምጣ።

አምላክ የቀራትን እጅ ይባርክላት፤ አንተንም ከነሙሉ አካልህ ለዓይኔ ያብቃልኝ።

እናትህ ተሻለች
አሰላ