ጨው የሌለው ምስር

ሰመራ፣ ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ባለቤቴ ዘሀራ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ ምሳዬን በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያው ጀርባ ተደብቄ ነበር የምበላው፤ ወንድ ያበሰለውን ማንም እንዳያይብኝ። ዛሬ ግን የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ በብርድ ወር ብቻ ለስለስ በምትለው ፀሐይ ተቀምጬ ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። የሎጊያ ሆቴሎች ቅባት ጨጓራዬን ስለሚያቃጥለው እንደ ወትሮው ምስርና ካሮት ራሴ ቀቅዬ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ዘበኛውን ጋሽ ይመርን «እንብላ» አልኳቸው።

ቀመሱና ሳቁ። «ጨው የት ሄደ? አንተ ልጅ፣ ሚስት አግባ።»

«ጨው የተውኩት ለጤናዬ ነው። ሚስትም ለጨው ብዬ አላገባም።»

የፊቱን ዋሽቻለሁ፤ ጨዉን ረስቼው ነው። አላህ ይማረኝ። የኋላውን ግን ከልቤ ነው ያልኩት። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ እዚያው ተቀምጬ በላሁ። ነገም እዚያው ነኝ፤ ጨው ይዤ።