ዳማ የሳበችው ትንፋሽ

እንጅባራ
ጥር 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ እንግዳው፤

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ሕመሙ ቀለል አለልዎ? ወንድሜ ደሴ አዲስ አበባ በረደኝ ብሎ በስልክ ሲያማርር ሰማሁት። እንጅባራ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ሲል አለማፈሩ ይገርመኛል። እኛ ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃው እንደ እናቱ ልበ ደንዳና ነው፣ ከአሁኑ አጥር ይገፋል። እማዬም ደህና ናት፤ ስለሷ ኋላ እጽፍልዎታለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር። ግን ሐኪሞቹ ድምፅዎን ከወሰዱት ወዲህ፣ ደሴ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ሲያደርግልዎ እኔ ብቻዬን እለፈልፍና መልስ ስጠብቅ ትንፋሽዎን ብቻ እሰማለሁ። እማዬም ስልኩን ስትቀበለኝ አንድ ቃል ሳትናገር ስታዳምጥ ቆይታ ትመልስልኛለች። ደብዳቤ ይሻላል። በደብዳቤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ማለቱ ያለ ነው።

ባለፈው በደሴ ስልክ የላኩትን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። «አውቶቡስ ላይ ሰው መሀል አልቀመጥም። ዳማ ራሷ መጥታ ከወሰደችኝ እመለሳለሁ፤ ካልሆነ እዚሁ አዲስ አበባ ልቅር።» በጋሪ ፈረስዎ ስም የጠሯት ያቺ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሰኔ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች ያውቃሉ። እንደማትነሳ ገምተው ነው እንዲህ ያሉት። አይካዱኝ፤ ልጅዎ ነኝ። አንገትዎ ላይ የቀረውን መተንፈሻ ቀዳዳ እማዬ እንዳታይ ፈርተው ነው። እንዳልነግራት ያስማሉኝን ጠብቄያለሁ። «ድምፁ ብቻ ነው አይደል የሄደ?» ባለችኝ ቁጥር «አዎ» እያልኩ ከረምኩ። ከዚያ መልእክት በኋላ ግን ሌላ ሥራ አልታየኝም፤ ዳማን አስነስቼ እርስዎን ማምጣት ብቻ።

እማዬ ክረምቱን ሙሉ አልብሳት ነበር፤ ጣሪያዋ ላይ ላስቲክ፣ አፍንጫዋ ላይ ጆንያ። ያን ሁሉ ገፈን፣ ባትሪዋን አስሞልቼ ቁልፉን ሳዞር ያለ ብዙ ልመና ተነሳች። ያ ድምፅዋ ግቢውን ሲሞላው እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

በማግስቱ ዳንግላ አበረ ጋራዥ ወስጄ ፍሬኗን ላሳይ ብዬ ወጣሁ። የዲከረንሱን ደን አልፌ አዲስ ቅዳም ልደርስ ስል፣ እየደከመች እየደከመች ሄዳ ጋዙ እንዳለቀበት ኩራዝ ድርግም አለች። ቆጣሪው ግን ናፍጣው ከግማሽ በላይ ነው ይላል። ኮፈኑን ከፍቼ ቱቦዎቹን ዳሰስኩ፤ የሚፈስ የለም። ከሰል የጫነ አንድ ባለጋሪ አጠገቤ ደርሶ «እህት ዓለም፣ ፈረሴን ላውስሽ?» አለኝ። ዳማ ይህን አለመስማቷ ጥሩ ነው። ትንሽ ቆይቼ ባዞራት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነሳች፤ ጥቂት ሄዳ ደግሞ ጠፋች። እንዲሁ እየሞተች እየተነሳች ዳንግላ ገባን።

አበረን ያውቁታል፤ ነገሩን ሳያጣራ ብሎን አይፈታም። ገና ስነግረው «ናፍጣ እያጣች ነው» አለ። ፊልትሮዋን ቀየረ፤ የገባውን አየር አስወጣ። ጋራዡ ውስጥ እንደ ልቧ ሠራች፤ ከተማውን ዞረን ሳንመለስ ጠፋች። ከዚያ ያደረገውን ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር። ከናፍጣ ታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቅሎ፣ ጀሪካን ሙሉ ናፍጣ ሞተሩ አጠገብ አሰረና ከዚያ እንድትጠባ አደረጋት። ከከተማው ዳር ደርሰን ተመለስን፤ እስትንፋሷ አልተቆረጠም። «ሞተሩም ፓምፑም ጤነኛ ነው» አለኝ። «ችግሩ ያለው ታንከሩ ጋ ነው። ዝገት መውጫውን ዘግቶት ይሆናል፤ ማውረድ አለብን።»

የታንከሩን ብሎኖች ያውቋቸዋል፤ ዝገው ከመኪናዋ አጽም ከሻንሲው ጋር አንድ ሆነዋል። ከተሰበሩ ዳማ መቼ እንደምትወጣ እግዜር ይወቅ፤ እርስዎም «አላልኩም?» ብለው እዚያው ሊቀሩ ነው። አበረ መፍቻውን ይዞ ከሥሯ ሲገባ እኔ ጎኗን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ያኔ ነው ድምፅዎ የመጣብኝ። ያ የጥንቱ፣ የጋሪው ዘመን ድምፅዎ። «ፈረስ ከቆመብሽ አለንጋ አታንሺ፤ እግሩንም አትመርምሪ። መጀመሪያ ያሰርሽበትን ሁሉ ፍቺለት። ብዙውን ጊዜ ፈረሱ አልታመመም፤ አንቺ ነሽ ያነቅሽው።»

ዳማ ላይ ምን አስረን ነበር? ላስቲኩን አንስተናል፤ ጆንያውን አንስተናል። እማዬ ሌላ ምን አልብሳት ይሆን እያልኩ ዞርኳት። የናፍጣ መቅጃዋን ትንሽ በር ከፈትኩ። ናፍጣ ስላላነሳት እስከዚያ ድረስ አልነካሁትም ነበር።

ሰም ነው አባባ። ክዳኑ ዙሪያውንም መሀሉንም በንፁህ ሰም ተደፍኗል፤ የእማዬ አውራ ጣት አሻራ እላዩ ላይ ይታያል። ማር ማር ይሸታል። በእናቷ ቤት የማር እንስራ እንደሚታተም አድርጋ አትማዋለች።

አበረ ከሥሯ ወጥቶ አየው። አልሳቀም። «ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች» አለኝ ዝግ ብሎ። «ናፍጣው በወጣ ቁጥር በሷ አየር ይገባል። እሷ ከተደፈነች ታንከሩ ይታነቃል። ቆማ ስታርፍ እንደምንም ትንሽ አየር ይሾልክላታል፣ ትነሳለች፤ ስትሄድ መልሳ ትታነቃለች።» ሰሙን በጥፍሬ ፋቅሁና ክዳኑን አዞርኩት።

ሳበች አባባ። ረጅም ትንፋሽ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው አድርጋ ሳበች። ወደ ውስጥ ተጨራምቶ የነበረው የታንከሩ ቆርቆሮ ከሥር «ዷ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። አበረ ቆቡን አውልቆ አማተበ። እኔ ክዳኑን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዳገት ያወጣችን፣ በየክረምቱ ስንቱን ሕመምተኛ ከጭቃ አውጥታ ሐኪም ቤት ያደረሰች መኪና፣ ሕይወቷ የመርፌ ዓይን በምታህል ቀዳዳ ነበር። እርስዎን አሰብኩ፤ ምን ልደብቅዎ። ይኸው የሚያፍሩባት ቀዳዳ እርስዎን ያቆየችልን ናት። ልስማት ሁሉ ቃጣኝ።

ወደ ቤት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትጠፋ ገባን። ለእማዬ የሆነውን ስነግራት በድንጋጤ መቀመጫ አጣች። «እኔው ልገድላት ነበር? የክረምቱ ውሃ እንዳይገባበት ብዬ እኮ ነው። አባትሽ ሲመጣ ናፍጣውን ንፁህ ሆኖ እንዲያገኘው።»

«ቀዳዳዋ ምን ታህላለች?» አለችኝ።

«የመርፌ ዓይን።»

«በዚያች ነው የምትተነፍሰው?»

«አዎ።»

ተነስታ ጓዳ ገባች። ከሳጥኗ አንዲት ጨርቅ ይዛ ወጣች። ራሷ በፈተለችው ጥጥ የተሠራች፣ የሳሳች፣ በአንገት ልክ የተሰፋች፣ ጫፍና ጫፏ ላይ ማሰሪያ ያላት። እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ብርዱንም አቧራውንም ትከልክልለት፤ ግን አታፍነውም። አፍና አፍንጫዬ ላይ አስሬ ሞክሬያታለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማን ይነግረኛል? ስልኩን ስታቀብዪኝ የማዳምጠው ምን መሰለሽ? ይህን ሁሉ ዘመን ጎኑ ተኝቼ፣ ትንፋሹ በየት እንደሚወጣ ይጠፋኛል? ከመስቀል በፊት ነው ያወቅሁት።»

እኛ ስንደብቃት እሷ እየፈተለች ነበር። የዳማ ነገር ያስደነቀኝ መስሎኝ ነበር አባባ፤ እናቴ ግን በለጠች። ለምን ዝም አልሽ ብላት «እሱ ሊነግረኝ ሲፈልግ ይንገረኝ ብዬ ነዋ» አለችኝ።

እንግዲህ ሰበብዎ አለቀ። ቅዳሜ ማለዳ ከአበረ ጋር እንነሳለን። የአባይን በረሃ እንዳስተማሩኝ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ቀስ ብዬ እወርደዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ነገ በሚነሳው አውቶቡስ ከጨርቋ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ አስረዋት ይጠብቁን። ስንመለስ ፊት ወንበር ላይ ነዎት። ክላክሱም የእርስዎ ነው፤ በራችን ላይ ሲደርሱ «ታይቱ» ብለው እማዬን ይጠሩ በነበረበት ፋንታ ይንኩት። ምርቃትዎን በቀኝ እጅዎ ራሴ ላይ ሲያደርጉልኝ እሰማዋለሁ። እመቤታችን እስክንደርስ በጥላዋ ታቆይልን።

ደብዳቤውን ስቋጭ እማዬ አጠገቤ ናት። «ምን ልጻፍልሽ?» አልኳት። እንዝርቷን ይዛ ብዙ አሰበች።

«አይፍራኝ በይው» አለችኝ። «ከእንግዲህ የሚተነፍስ ነገር አልደፍንም።»

ልጅዎ
ሶስና እንግዳው